ሳምቡሳው ቢፈርስ ትዳሩ አይፍረስ

የጾም ሕግ በሱረቱል በቀራ ከ183ኛው እስከ 187ኛው አንቀጽ ተከታትሎ ሰፍሯል። የጾም ግዴታነት፣ ለበሽተኛና ለመንገደኛ የተሰጠው ፈቃድ፣ የቁርኣን መውረድ፣ የሱሑር ማብቂያ ሰዓት ሁሉም እዚያ አለ። በዚሁ መሐል ባልና ሚስት አንዳቸው ለሌላቸው ልብስ መሆናቸው ተነግሯል። ይህ የተባለበት ቦታ የታወቀ ነው፤ በረመዷን ሌሊት ባለትዳሮች መቀራረባቸው የተፈቀደ መሆኑን ለመግለጽ ነው። እኔን ኪታብ ያቀሩኝ ሼኽ ግን ይህን ካስረዱን በኋላ ከራሳቸው አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር። “ራብ የሰውን ጠባይ ያራቁታል፤ ልብስ የሚያስፈልገው ያኔ ነው” ይሉናል። ደረሳዎቹ ሁላችንም ላጤዎች ስለነበርን ነገሩ ብዙም አልገባንም።

ዛሬ ረመዷን በገባ በሳምንቱ ወደ መስጂዳችን ቢሮ የሚመጡትን ወጣት ባለትዳሮች ሳይ ሼኹ ትዝ ይሉኛል። ብዙዎቹ በረጀብና በሻዕባን ኒካሕ ያሰርንላቸው ናቸው። ጾም ከመግባቱ በፊት የሚጠይቁት ስለ ኒያና ስለ ተራዊሕ ነው። ከአምስተኛው ቀን ወዲህ ግን ጥያቄው ሁሉ ከኩሽና የሚነሳ ይሆናል።

አዘውትረው ከሚያነሷቸው አንዱ የጨው ነገር ነው። ጾመኛ ሆና ምግብ የምትሠራ ሴት ወጡን መቅመስ ትችላለች ወይ? መልሱ አጭር ነው። ሲያስፈልጋት በምላሷ ጫፍ ቀምሳ፣ ወደ ጉሮሮዋ ሳታሳልፍ ከተፋችው ጾሟ አይፈርስም። መፈቀዱ ከኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ) ተላልፏል። ያለ ምክንያት መቅመሱን ግን ዑለማዎች ጠልተውታል። ይህን ስነግራቸው አብዛኞቹ ልጆች እፎይ ይላሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ይኸው እፎይታ ነው። ጨው የበዛበት ሾርባ ምን ያህል ቢያስፈራት ነው አንዲት ሙሽራ ለፈትዋ መስጂድ ድረስ የምትመጣው?

ያለፈውን ረመዷን አንድ ጉዳይ ላንሳ። ስማቸውንም ሰፈራቸውንም አልጠቅስም። ቢያነቡት ራሳቸውን ያውቃሉ፤ ብጽፈው ቅር እንደማይላቸውም ነግረውኛል። እሱ ሱቅ ውስጥ ይሠራል፣ እሷ ገንዘብ ያዥ ናት። የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሁለት ብቻቸውን ነው። እሷ ከሥራ ቤቷ የምትደርሰው 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ መግሪብ አዛን የሚለው 12፡40 ገደማ። በዚህች ሰዓት ውስጥ ሾርባው፣ ሳምቡሳው፣ ጁሱና የእራቱ ወጥ መድረስ አለበት።

ሳምቡሳ የሠራ ሰው ያውቀዋል። ሊጡ በደንብ ታሽቶ ማረፍ አለበት። ከዚያ በስሱ ይዳመጣል፣ በየመሐሉ ዘይት ተቀብቶ ይደራረባል፣ ምጣድ ላይ ሞቅ ሞቅ ተደርጎ ሳይደርቅ ይላቀቃል። ምስሩ ሳይፈርስ በስሎ ውሃው ጠፈፍ ማለት አለበት። ሽንኩርቱና ቃሪያው ውሃ ካዘሉ ሊጡን ያረጥቡታል። ዘይቱ ሳይግል ከተከተቱት ዘይት ይጠጣል፣ ከልክ በላይ ከጋለ ላዩ ያራል። ጫፉ በዱቄት ሙጫ በደንብ ካልታሸገ ደግሞ መጥበሻው ውስጥ አፉን ከፍቶ ምስሩን ይዘረግፋል። የዚህች ልጅ ሳምቡሳ በሦስተኛው ቀን እንዲሁ ዘረገፈ። ባልየው ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ስልኩን ሲነካካ ቆይቶ፣ አዛን ሊል አሥር ደቂቃ ሲቀረው ኩሽና ብቅ አለና “እማዬ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም” አላት።

ነገሩ የሳምቡሳ ብቻ ቢሆን በማግስቱ ይስተካከል ነበር። የእናት ስም ሲጠራ ግን ሌላ ነገር ሆነ። እናቱን አውቃቸዋለሁ፤ ሠላሳ ዓመት ሳምቡሳ የጠበሱ ሴት ናቸው። ያውም ብቻቸውን አልነበሩም። ሦስት ሴት ልጆች፣ አንዲት አክስት፣ የግቢው ጎረቤት ሁሉ እጃቸው ነበሩ። አንዷ ምስር ትለቅማለች፣ አንዷ ትዳምጣለች፣ አንዷ ታጥፋለች፣ እሳቸው መጥበሻው ላይ ይቆማሉ። ልጁ ሲያይ የኖረው ሰሐኑ ላይ የቀረበውን ነው፤ ያጠፉትን እጆች ቆጥሮ አያውቅም። እነዚያን ሁሉ እጆች የሚተኩ አንዲት ሴትና ሁለት እጆቿ ብቻ በሆኑበት ቤት የእናቱን ሳምቡሳ መጠበቁ ፍትሕ አይደለም።

“ወንድ ልጅ ማጀት ገብቶ አያውቅም፤ አባቶቻችን እንዲህ አልነበሩም” የሚሉኝ አሉ፤ አንዳንዶቹም ጢማቸው ገና ያልሞላ ናቸው። የአባቶቻችንን ቤት አውቀዋለሁ፣ እዚያው ነው ያደግሁት። አባት ማጀት የማይገባው ማጀቱ በሰው የተሞላ ስለነበር ነው። እሱ ደግሞ እንጨት ይፈልጣል፣ በግ ያርዳል፣ እህል አስፈጭቶ ያስገባል። የዛሬው ባል እንጨቱም በጉም የለበትም። ከድሮው ልማድ የያዘው ክፍል አለመግባቱን ብቻ ነው።

ልማዱም ቢሆን ከሱና ጋር ሲጋጭ የሚቀድመው ሱናው ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ውስጥ ምን ይሠሩ እንደነበር ተጠይቀው፣ ቤተሰባቸውን በሥራ ያግዙ እንደነበር፣ የሶላት ሰዓት ሲደርስም ወደ ሶላት ይወጡ እንደነበር መናገራቸውን ቡኻሪ ዘግበውታል። በሌሎች ዘገባዎች ልብሳቸውን ራሳቸው ይጥፉ፣ ፍየላቸውን ያልቡ ነበር። ምግብን በተመለከተ ደግሞ በቡኻሪም በሙስሊምም የተዘገበው ግልጽ ነው። ምግብን ነቅፈው አያውቁም፤ ካማራቸው ይበላሉ፣ ካላማራቸው ይተዉታል። መተዉ ተፈቅዷል። አንድ ባል ጨው የበዛበትን ሾርባ የመጠጣት ግዴታ የለበትም። ተምሩን በልቶ ዝም ማለት ይችላል።

አንድ ጊዜም ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንደኛዋ ባለቤታቸው ቤት ሳሉ ሌላዋ ባለቤታቸው በሰሐን ምግብ ላከች። የቤቱ ባለቤት ቅናት ይዟት የአገልጋዩን እጅ መታችው፤ ሰሐኑ ወደቀና ተሰበረ። እንግዶች ተቀምጠው እያዩ ነው ይህ የሆነው። እሳቸው ጎንበስ ብለው ስባሪውን ለቀሙ፣ የፈሰሰውን ምግብ ሰበሰቡ፣ ለተቀመጡትም “እናታችሁ ቀንታ ነው” በሚል ዓይነት ነገሩን አቀለሉት። ከዚያም ከዚያው ቤት ደኅናውን ሰሐን አስመጥተው ለተሰበረባት ላኩላት። ይህን ሐዲስ ሳስተምር ወጣቶቹ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ጎንበስ ማለታቸውን ነው። ጥፋት አልነበረም አላሉም፤ ምትኩም ተከፍሏል። ሰው ፊት ግን ማንም አልተዋረደም።

ወደ ባልና ሚስቱ ልመለስ፤ ነገሩ በሳምቡሳው አላበቃምና። በዚያው ሳምንት ዓርብ የልጁ እናት ለኢፍጣር ጠሯቸው። ልጅቷ ባለፈው የሰማችውን ቃል ለመርሳትም ይሁን ለማስረሳት የአጃ ሾርባ ሠርታ፣ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። የታክሲው ሰልፍ ረጅም ነበር። በመጨረሻ አንድ ሚኒባስ ተገኘና ድስቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። መንገድ ላይ እግረኛ ገባበትና ሹፌሩ ድንገት ፍሬን ያዘ። ክዳኑ ተስፈነጠረ። ሾርባው በዓባያዋ ላይ፣ አጠገቧ በተቀመጡት ሴትዮ ቀሚስ ላይ፣ የቀረውም በባልየው ሱሪ ላይ ፈሰሰ። ደግነቱ ለብ ብሎ ስለነበር ማንንም አላቃጠለም።

ዓምና ረመዷን ከዐቢይ ጾም ጋር ገጥሞ ነበር። ሴትዮዋ ነጠላቸውን አራግፈው “ልጄ፣ እኔም ጾመኛ ነኝ፤ ሥጋ ከሌለበት ለቀሚሴም ችግር የለውም” አሏት። ታክሲው ሁሉ ሳቀ፣ ረዳቱም ጨርቅ አቀበላት። ያልሳቀው ባልየው ብቻ ነው። “ድሮስ አንቺ ለምን ትበቂያለሽ!” ብሎ ጮኸባት። ከሴትዮዋ አፍ የወጣው የማያውቁትን ሰው የሚሸፍን ቃል ነበር። ከባሏ የወጣው ደግሞ የሚያራቁታት። እሷም “ወራጅ አለ” ብላ ባዶ ድስቷን ይዛ ወረደች፣ በቀጥታም አባቷ ቤት ሄደች። አራት ቀን አልተመለሰችም።

የመንገድን አደጋ በተመለከተ ከዓኢሻ (ረ.ዐ) ሐብል ታሪክ የበለጠ አላውቅም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሠራዊታቸው ጋር ጉዞ ላይ ሳሉ የዓኢሻ ሐብል ጠፋ። እሱን ለመፈለግ ሠራዊቱ በሙሉ ቆመ። የቆሙበት ቦታ ውሃ የለውም፤ በእጃቸውም ውሃ አልነበረም። ሰዎች ወደ አባቷ ወደ አቡበክር (ረ.ዐ) እየሄዱ “ዓኢሻ ያደረገችውን አየህ?” እያሉ አጉረመረሙ። አቡበክር መጥተው ገሠጿት፣ ጎኗንም በእጃቸው ጎሸም ጎሸም አደረጓት። እሷ ግን አልተንቀሳቀሰችም፤ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸውን ጭኗ ላይ አድርገው ተኝተው ነበርና። ሲነጋ ለውዱእ የሚሆን ውሃ የለም። ያኔ የተየሙም አንቀጽ ወረደ። ኡሰይድ ኢብኑ ሑዶይር (ረ.ዐ) ይህ የአቡበክር ቤተሰብ የመጀመሪያ በረካ አይደለም ሲሉ ተናገሩ። ዓኢሻ ትጋልበው የነበረውን ግመል ሲያስነሱት ሐብሉ ከሥሩ ተገኘ።

ዛሬ በዓለም ዙሪያ ውሃ ያጣ ሙስሊም በንጹሕ አፈር ተየሙም አድርጎ የሚሰግደው በዚያ ሌሊት በወረደው ሕግ ነው። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንቅልፍ ነው። ሠራዊት ቆሟል፣ ውሃ የለም፣ ሰዉ ያጉረመርማል። እሳቸው ለዚህ ሁሉ ምክንያት በተባለችው ሴት ጭን ላይ ተኝተዋል። በዘገባው ውስጥ ከአባቷ እንጂ ከባሏ አንዲት የወቀሳ ቃል አናገኝም። የአንድ ድስት ሾርባና የአንድ ሠራዊት ጥም ቢመዘኑ የትኛው እንደሚከብድ ለልጁ ጠየቅሁት። አንገቱን ደፋ።

ጉዳዩ እኔ ዘንድ የደረሰው ግን ለዚህ ብቻ አልነበረም። በእነዚያ አራት ቀናት በስልክ ሲጨቃጨቁ የፍቺ ቃል ተነስቶ ኖሯል። አባቷ ተደናግጠው መጡ። በትክክል ምን እንዳለ ከሁለቱም ለየብቻ ለማጣራት ከዙህር እስከ ዐስር ተቀመጥን። አልሐምዱሊላህ፣ “እፈታሻለሁ” ብሎ ዝቷል እንጂ “ፈትቼሻለሁ” አላለም። ዛቻ ፍቺ አይደለም። በመካከላቸው የነበረው ርቀት ግን ያችው አንዲት ቃል ነበረች። ኒካሕና ፍቺ በቀልድም ቢነገሩ እንደ ምር እንደሚቆጠሩ በአቡዳውድና በቲርሚዚ የተዘገበውን ሐዲስ የማያውቅ ወጣት ያን ቃል እንደ ማንኛውም ስድብ አፉ ላይ ያንከባልለዋል። ወላጆች ኒካሕ ስናስር ስለ መህሩ መጠን የምንከራከረውን ያህል ይህንን ብናስተምር ይሻል ነበር።

ልጁን “ለምን እንዲህ ተናገርክ?” ስለው የመለሰልኝ ብዙዎቹ የሚመልሱልኝን ነው። “ሼኽ፣ ጾመኛ ነበርኩ።” ይህን መልስ አጥብቄ እቃወመዋለሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ጾመኛ ሰው ሌላው ሲሰድበው ወይም ሲጣላው ጾመኛ መሆኑን እንዲናገር አስተምረዋል። ቃሉ የራስን አፍ መያዣ ልጓም ነው። እኛ ገልብጠነዋል። “ጾመኛ ነኝ፣ አትናገሩኝ፣ አታስቆጡኝ” እያልን ለቤተሰባችን የማስጠንቀቂያ ደወል አድርገነዋል። ሚስትስ? ያች ምጣድ ላይ የቆመችው ጾመኛ አይደለችም? እሱ የምግቡን ሽታ ከሳሎን ሆኖ ይሸተዋል፣ እሷ እንፋሎቱን ፊቷ ላይ ትቀበላለች።

ለሴት ልጆቼም የምለው አለኝ። ረመዷንን በሙሉ መጥበሻ ውስጥ አትጨምሩት። ስልክ ላይ የምታዩት የኢፍጣር ገበታ፣ ያ አሥራ ሁለት ዓይነት ሰሐን የተደረደረበት፣ ፎቶ ለመነሳት የተሠራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሚያፈጥሩት በእሸት ተምር፣ ካልተገኘ በደረቅ ተምር፣ እሱም ከሌለ በጥቂት ውሃ ነበር። ከሥራ ለምትመጣ ሴት ተምር፣ አንድ ሾርባና እንጀራ በወጥ በቂ ነው። ሳምቡሳው ለዓርብ ይቆይ። ወይም በሻዕባን ዓርብና እሑድ ሁለታችሁም ተቀምጣችሁ አጥፋችሁ ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ብዙ ብልህ ሴቶች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መንገድ ላይ አዛን ቢደርስባችሁም ሾርባው እስኪቀርብ ብላችሁ ኢፍጣርን አታዘግዩ። በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ወጣቶቻችን ተምርና ውሃ ይዘው ለመኪናና ለታክሲ ተሳፋሪ ሲያድሉ ታያላችሁ። ተቀበሉ፣ ቢስሚላህ ብላችሁ አፍጥሩ።

አማቶችም ቢሰሙኝ ደስ ይለኛል። የሙሽራን ሙያ በመጀመሪያው ረመዷን መፈተን ከየት እንደመጣ አላገኘሁትም፤ በኪታብ ግን የለም። የልጁ እናት ነገሩን ሲሰሙ ያደረጉትን እዚህ መመስከር አለብኝ። ልጅቷ አባቷ ቤት ሳለች ራሳቸው ሄዱ። የሄዱት ሽማግሌ ሆነው አይደለም፤ የተዳመጠ ሊጥና መዳመጫ ይዘው ነው። “ነይ፣ እኔም ሙሽራ ሳለሁ አማቴ ናቸው ያሳዩኝ” ብለው አብረው ሲያጥፉ ዋሉ። እኔ ከዙህር እስከ ዐስር ተቀምጬ ካደረግሁት ይልቅ ያ የበለጠ ሳይሠራ አልቀረም።

ሌላም በጆሮ የሚነገረኝ ነገር አለ፣ በግልጽ ልናገረው። በወር አበባ ምክንያት ጾም በማይያዝባቸው ቀናት ብዙ ወጣት ሚስቶች ከባላቸውም ተደብቀው ኩሽና በር ዘግተው ነው የሚበሉት፤ አንዳንዶቹም በይሉኝታ ቀኑን ሙሉ ሳይበሉ ይውላሉ። በዚያ ጊዜ ጾምን መተው የአላህ ትእዛዝ ነው፤ ቀዷውን በኋላ ታወጣለች። ባል ሚስቱ ምሳ መብላቷን ቢጠይቅ፣ ባትበላም “ብዪ” ቢላት፣ ልብስ መሆን ማለት አንዱ ይህ ነው። ጾመኛ ፊት ባለመብላት መተሳሰቡ መልካም ነው፤ ሴት ልጅ በገዛ ቤቷ እንደ ሌባ መብላቷ ግን ሌላ ነገር ነው።

የእነዚያ ልጆች ቤት አሁን ምን እንደሚመስል የሚጠይቁኝ አሉ። በዚህ ረመዷን መጀመሪያ ሁለቱም ከተራዊሕ በኋላ አግኝተውኝ ነበር። እሱ ከሥራ ቀደም ብሎ ገብቶ ምስር ይለቅማል፣ ያጥፋልም። “የሚያጥፈው ሦስት ማዕዘን ሳይሆን ስንት ማዕዘን እንደሆነ አይታወቅም” ትላለች። ከመግሪብ በኋላ ሰሐን የሚያጥበው እሱ ነው፤ እሷ ለኢሻ ውዱእ ታደርጋለች፣ ከዚያ አብረው ይወጣሉ። እሱም ጎተት አድርጎኝ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ። ሽንኩርት ሲከትፍ ዓይኑ እያለቀሰ፣ ሽታውም ጉሮሮው ድረስ ይገባል፤ ጾሙ ይፈርስበት እንደሆነ ማወቅ ፈልጎ ኖሯል። አይፈርስም። ሌሎቻችሁም ብትጠይቁ መልሱ ያው ነው።